ሳላነበው የተሟገትኩለት ሐተታ

ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን ሳላነብ ሁለት ዓመት ሙሉ ተከራክሬበታለሁ። ካፌ፣ ታክሲ ውስጥ፣ አንዴማ ለቅሶ ቤት። አቋሜ ግልጽ ነበር፤ መጽሐፉ የኛ ነው፣ አይደለም የሚል ሁሉ አፍሪካዊ መፈላሰፉ የማይዋጥለት ፈረንጅ ነው። አንድ ጓደኛዬ አንድ ቀን፣ ሳይቆጣ፣ «ግን አንብበኸዋል?» አለኝ። ዝም አልኩ።

ነገሩን ላልሰማ፦ ሐተታውን ለአውሮፓ ያስተዋወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እዚህ የነበረው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው፤ ቅጂውን ለፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ላከለት። እ.ኤ.አ. በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው ሲል ጻፈ። እስኪ አስቡት፣ በኋላ ለዘርዓ ያዕቆብ ዋነኛ ጠበቃ የሆኑትም ፈረንጅ ናቸው፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር። የኔ «ፈረንጅና የኛ ሰው» የሚለው ክፍፍል እዚህ ጋ ፈረሰ።

ይበልጥ ያስደነገጡኝ ግን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን በግዕዝ ብራና ላይ የጨረሱ ሰው፣ መጀመሪያ ከተጠራጣሪዎቹ ወገን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጽሑፍ ግን መሠረቱ የኢትዮጵያዊ ሊቅ ነው፣ የባዕድ እጅ ገብቶበታል እንጂ ወደሚል ሐሳብ መጡ። እሳቸው ያን ሁሉ አውቀው አቋማቸውን ፈተሹ፤ እኔ ምንም ሳላውቅ አቋሜ ንቅንቅ አይልም ነበር!

በመጨረሻ በትርጉም አነበብኩት። ዘርዓ ያዕቆብ ዋሻ ውስጥ መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ተቀምጦ የሚያነሳት ጥያቄ አለች፦ ሁሉም የኔ ሃይማኖት ናት ትክክለኛዋ ይላል፤ ታዲያ ማን ይፍረድ? ዳኛ የሚሆነው ሰው ሁሉ የአንዱ ወገን ነው። ይህ የመጽሐፉ ትልቁ ቦታ ነው። ሰዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሳይመረምሩ እንደሚቀበሉ ሲጽፍ ደግሞ፣ እውነቴን ነው፣ አንገቴን ደፋሁ።

ግን እሱም አይማረኝ። ጥያቄው ላይ ታጋሽ ነው፣ መልሱ ላይ ይቸኩላል። ጾምንና ምንኩስናን ሲነቅፍ የፈጣሪ ፈቃድ ይህ ነው ብሎ ይቆርጣል፤ ያ ፈቃድ ለሱ ብቻ እንዴት እንደበራለት ግን ብዙም አይጨነቅበትም። መነኩሴው መልስ ለመስጠት ዕድል እንኳ አላገኘም። እዚህ ጋ መርማሪው ራሱ አስተያየቱን እንደ ዕውቀት ያቀርባል።

የደራሲው ማንነትስ? የሚለየው ቋንቋው ነው፤ ይህ አነጋገር የግዕዝ ነው ወይስ የጣሊያን ጠረን አለው የሚለው። እኔ ግዕዝ አላውቅም። ባለፈው እዚያው ካፌ ክርክሩ ሲነሳ፣ የኛ ቢሆን ደስ እንደሚለኝ ተናገርኩ፤ ምኞት መሆኑንም ጨመርኩ። አንዱ ሳቀና «ታዲያ ምን ልትነግረን ነው?» አለ። ከጁስቶ ጀመርኩለት።