ስለ ውሃው ማን ይጠይቅ?

ሰሞኑን ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስበን በአዋሽ ላይ በጎማ ጀልባ የምንውልበትን ቀን ስናቅድ ነበር። በጉ ተመደበ፤ ጫቱ ተመደበ፤ ሚኒባሱም ተገኘ። ስለ ውሃው ያነሳ የለም።

የሪቻርድ ባንግስ «ዘ ሎስት ሪቨር» (1999 እ.ኤ.አ.) ትዝ አለኝ። በወንዞቻችን ላይ በጀልባ ስለ መውረድ የሚተርክ መጽሐፍ ነው። የጀብዱ ወሬው አንዳንዴ ይበዛል። ዋጋው ግን ወንዝ የወሰደበትን ጓደኛ አለመርሳቱ ላይ ነው።

እኛስ? በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማለቂያ ደቻቱ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ዛሬ ደረቅ አሸዋውን ስንሻገር ማን ያስታውሰዋል?

በመጨረሻ እህቴ ልጆቿን ቆጥራ «መንሳፈፊያ ጃኬቱ ስንት ነው?» አለች። ሳቅንባት። እቅዳችን ግን ገና ያኔ መጀመሩ ነበር።