ዕውቀት፥ መሬትና የንግድ ትርፍ፤ ስለ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የቀረበ ሒስ

ስለ አገራችን ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡን ዝርዝር ነው፤ ተራራው፥ ወንዙ፥ ሰብሉ፥ ወደ ውጭ የሚላከው፥ ከውጭ የሚመጣው። ዝርዝሩ እውነት ነው። ነገር ግን የቡና ዛፍ በጫካዋ የበቀለባት አገር ስለ ምን በቡና እንዳልበለጸገች አይነግረንም። ይህን ጥያቄ በአማርኛ አንሥተው ሥርዓት ያለው መልስ ከሰጡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መጽሐፋቸውን ከአገሪቱ ካርታና ከንግዷ ታሪክ ጋራ አስተያይተን ለመመርመር አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በትግሬ ተወልደው፥ በልጅነታቸው ወደ አውሮፓ ተሻግረው የተማሩ፥ ተመልሰውም በድሬዳዋ ጉምሩክ የሠሩ ሰው ነበሩ። በ1911 ዓ.ም. ሲሞቱ ገና ጐልማሳ ነበሩ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው።

የመጽሐፉ ዋና አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። የሀብት ሥር የሰው ድካም ነው፤ ድካምን ፍሬያማ የሚያደርገው ግን ዕውቀት ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በመሣሪያ ታግዞ በጥቂት ቀን የሚሠራውን፥ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በብዙ ቀን ይሠራዋል። ሁለቱ በገበያ ተገናኝተው ዕቃ ሲለዋወጡ፥ ያልተማረው የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የጥቂት ቀን ድካም ይቀበላል። እንግዲህ ንግዱ በስምምነት የተደረገ ቢሆንም አንደኛው እየከበረ ሌላው እየደኸየ ይሄዳል። ጦርነት ደግሞ ዕውቀትና ጥሪት እንዳይከማች እያደረገ ጉዳቱን ያባብሰዋል።

የዚህ አሳብ ብርታት የድህነትን ምክንያት ለዕድል ወይም ለተፈጥሮ ሰጥቶ አለመቀመጡ ነው። ስለ ድህነታችን ሲጠየቅ «ተራራው መንገድ ነሣን፤ የባሕር በር የለንም» ብሎ የሚመልስ ሰው ብዙ ነው። ስዊስ ግን ተራራማ አገር ናት፤ ባሕር የላትም፤ የቡና ተክልም አይበቅልባትም። ሆኖም ጥሬ ቡና ከሩቅ ገዝታ፥ ቈልታና አሽጋ ለዓለም ትሸጣለች። ከእኛ የሚወጣው ቡና ግን አብዛኛው ገና ያልተቈላ ነው። ይህን ልዩነት ተራራና የባሕር ርቀት ብቻ ሊያስረዱት አይችሉም፤ የነጋድራስ አሳብ ግን ያስረዳዋል። በዚህ ረገድ መጽሐፉ ከመቶ ዓመት በኋላም አላረጀም።

ይሁን እንጂ መጽሐፉን ከካርታ አጠገብ አስቀምጠን ስናነበው አንድ ጉድለት እናገኛለን። የመሬቱ አቀማመጥ በክርክሩ ውስጥ የሚገባውን ሥፍራ አላገኘም። የአሞሌ ጨውን ንግድ እንመልከት። ከባሕር ወለል 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ከሚለው ከአፋር የጨው ሜዳ ተቈርጦ፥ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር፤ በደጋውም እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ከሜዳው በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምር ነበር። ጨው ቈራጩም፥ ሲራራ ነጋዴውም፥ ደገኛው ገበሬም በመሣሪያ ረገድ ብዙ የሚበላለጡ አልነበሩም። ስለዚህ የዋጋውን ልዩነት የተማረና ያልተማረ ሕዝብ ተገናኙ በማለት ልናስረዳው አንችልም። ዋጋውን ከፍ ያደረገው ርቀቱና ዳገቱ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ደራሲው ራሳቸው የሠሩባት ድሬዳዋ ናት። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተጀመረው የምድር ባቡር በመጀመሪያ የታሰበው የጥንቱ የንግድ ከተማ ሐረር እንዲደርስ ነበር። ወደ ሐረር ደጋ መውጣት ግን ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለ ሆነ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ በደረሰበት ሜዳ ላይም ድሬዳዋ ተቈረቈረች። የሐረር ነጋዴ በዚያን ጊዜ ዕውቀቱን አልጣለም፤ ሚዛኑንም፥ ቋንቋውንም፥ ደንበኛውንም እንደ ቀድሞው ያውቅ ነበር። ነገር ግን የንግዱ መናኸሪያ ከደጃፉ ተነሥቶ ወደ ቈላው ወረደ።

ሁለተኛው ጉድለት ከፊተኛው ይልቅ የከበደ ይመስለናል። ይኸውም መንገዱና ገበያው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ደራሲው የባዕድ ኃይል የሚያመጣው አደጋ ተሰውሯቸው ነበር አንልም። ነገር ግን ክርክራቸው ዕውቀት ከመጣ ሌላው ሁሉ ይከተላል ወደሚል ያዘነብላል። የባቡሩ ታሪክ ግን ሌላ ያስተምረናል። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የደረሰው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ለዚህ የ14 ዓመት መዘግየት ተራራውን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም፤ መሐንዲሶቹም ሥራቸውን ያውቁ ነበር። ኩባንያው በገንዘብ ተቸገረ፤ እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣሊያም በመስመሩ ላይ ማን ሥልጣን ይኑረው በማለት ተከራከሩ። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ሦስቱ መንግሥታት ስለ ኢትዮጵያ በተዋዋሉት ውል ውስጥ ከዋና ዋናዎቹ ነገሮች አንዱ ይኸው ባቡር ነበር። እቃው የሚያልፍበት መንገድ በእጁ ያልሆነ ሕዝብ፥ ቢማርም እንኳ፥ ከትርፉ ለሌላ ሳያካፍል አያልፍም።

ይህ የቀድሞ ዘመን ነገር ብቻ አይደለም። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ መንግሥት ከሆነች በኋላ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ አልነበራትም፤ ሆኖም በአሰብ ወደብ መነገዷን ቀጥላ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ግን የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ንግዱም ወደ ጅቡቲ ዞረ። ተራራው ያው ተራራ፥ ነጋዴውም ያው ነጋዴ ነበር፤ የተለወጠው የመተላለፍ መብት ነው። ከፍ ብለን የጠቀስናት ስዊስም ባሕር ባይኖራት በራይን ወንዝ የመርከብ ጉዞ በአገሮች ውል ነፃ ሆኖ ተጠብቆላታል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አሳጥሮ ይሆናል፤ ወደቡ በሌላ አገር እጅ የመሆኑን ነገር ግን አላስቀረውም።

የይዞታ ጥያቄ በመንገድ ብቻ አይወሰንም፤ በስምም ይመጣል። በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ «ሲዳሞ»፥ «ሐረር»ና «ይርጋ ጨፌ» የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ በተለይ የሲዳሞና የሐረር ምዝገባ በመጀመሪያ ተቀባይነት አጣ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1999 ዓ.ም. መንግሥት ስታርባክስ ከተባለው ኩባንያ ጋራ ስለ ስሞቹ አጠቃቀም ተስማማ። ልብ እንበል፤ ቡናውን እንዴት ማብቀል፥ እንዴት ማጠብ፥ እንዴት ማድረቅ እንደሚገባ ገበሬው ያውቅ ነበር። የጎደለው የእርሻ ዕውቀት አልነበረም፤ በራሱ አገር ስም ላይ ሕጋዊ መብት ነበር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፥ የቡናው ባለቤት የቡናው ስም አጣ።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በውጭ ሰው ላይ ብንጭን እንሳሳታለን፤ እዚህ ላይ ነጋድራስ እንደገና ትክክል ሆነው ይገኛሉ። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የዋጋን ወሬ ለብዙዎች ለማድረስና ሻጩ ገንዘቡን ቶሎ እንዲያገኝ ለማድረግ ጠቅሟል። ዳሩ ግን በዚህ መንገድ የሚሸጠው ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ከሌላው ጋራ ይቀላቀል ስለ ነበር፥ በቀጥታ መሸጥ ከተፈቀደላቸው ከኅብረት ሥራ ማኅበራትና ከትልልቅ እርሻዎች በቀር፥ ቡናው ከየትኛው ገበሬ ማሳ እንደ መጣ ገዢው ሊያውቅ አይችልም ነበር። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና አዋጅ ይህን ለማሻሻል በር ከፈተ። ቀይ ፍሬ እየመረጠ የለቀመው ትጉህ ገበሬ ቡናው ከግዴለሹ ቡና ጋራ ከተቀላቀለ የትጋቱ ዋጋ የት ይገኛል? ዕውቀት ወሮታ ካላገኘ ተመልሶ ይጠፋል። ይህንም ያደረገው ባዕድ ሳይሆን የራሳችን ሥርዓት ነበር።

ይህን ሁሉ ስንል የታላቁን ደራሲ ሥራ ለማቃለል አይደለም። ለኤኮኖሚ ትምህርት የሚሆን የአማርኛ አነጋገር ገና ባልተለመደበት ዘመን ይህን ያህል ጥልቅ ነገር በግልጽ ማስረዳታቸው ያስከብራቸዋል። የምንለው፥ ዕውቀት ብቻውን የንግድን ትርፍና ኪሳራ አይፈታም ነው። የአንድን አገር ንግድ የሚያጠና ተማሪ ሦስት ነገር አብሮ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ሠሪው ምን ያውቃል? እቃው በምን ዓይነት መሬት ላይ ያልፋል? መንገዱ፥ ገበያውና ስሙስ የማን ነው? ነጋድራስ የመጀመሪያውን ጥያቄ አጥብቀው ጠየቁ። የጂኦግራፊ መጻሕፍቶቻችን ሁለተኛውን በዝርዝር ብቻ አስቀሩት። ሦስተኛውን ለሕግና ለፖለቲካ ሰዎች ትተን ብንቀመጥ ግን፥ ነገ የምንጽፈው ጥናት ዛሬ የምንነቅፈው ዝርዝር ይሆናል። ስለዚህ የጂኦግራፊ፥ የኤኮኖሚና የሕግ ተማሪዎች ይህን መጽሐፍ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲያነቡት፥ መምህራንም በዚህ እንዲረዱን እናሳስባለን።