አምስት በኪሎ

ክኒኗ ነጭ ናት። በስስ ሽፋን ስለተለበጠች ጣት ላይ ዱቄት አትተውም። ውስጧ ያለው ግን እጅግ መራራ ነው፤ ሽፋኑ ያን ምሬት ከምላስ ይጋርዳል። የመድኃኒቱ ስም ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነው፤ ብዙ ሰው ፕላኩኒል በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል። ማሸጊያው ላይ 200 ሚሊ ግራም ይላል። ይህ የጨው ክብደት ነው፤ መድኃኒቱ ክኒን የሚሆነው ከሰልፌት ጋር ተጣምሮ ነውና። ሰልፌቱ ሲቀነስ ንጹሑ መድኃኒት 155 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ በታች ያለው ስሌት ሁሉ ግን ማሸጊያው ላይ በተጻፈው በ200 ነው፤ ሐኪሞችም የሚያሰሉት በእሱ ነው።

ከእሱ በፊት ክሎሮኪን የሚባል የወባ መድኃኒት ነበረ። ክሎሮኪንን ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ሃንስ አንደርሳግ ነው፤ በ1934 እ.ኤ.አ. (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ጀርመን አገር በባየር ቤተ ሙከራ። አንድ የክሎሮኪን ሞለኪውል 18 የካርቦን፣ 26 የሃይድሮጅን፣ 3 የናይትሮጅንና 1 የክሎሪን አተም አለው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከእነዚህ አንዱንም አልነካም፤ ከጎን በወጣው ሰንሰለት ጫፍ ላይ አንድ የኦክስጅን አተም ብቻ ጨመረ። ለውጡ ይኸው ነው። በዚህች አንድ አተም ምክንያት መርዛማነቱ ከክሎሮኪን ቀነሰ፤ ሥራው ግን አልቀረም። አሜሪካ ውስጥ በ1955 ፈቃድ አገኘ።

ለወባ የተሠራ መድኃኒት ሰውነት ራሱን የሚያጠቃባቸውን ሕመሞች፣ ሉፐስንና የመገጣጠሚያ ብግነትን፣ እንዴት ያስታግሳል? ወባንና እነዚህን ሕመሞች የሚያገናኛቸው አሲድ ነው። መድኃኒቱ ደካማ ቤዝ ስለሆነ አሲድ ያለበት ቦታ ይገባና እዚያው ይከማቻል። የወባ ተውሳክ የሰውን ሄሞግሎቢን የሚፈጭበት አሲዳማ ከረጢት አለው። ሄሞግሎቢን ሲፈጭ የሚተርፈው ሄም ለተውሳኩ መርዝ ነው፤ ተውሳኩም ሄሙን አጠጥሮ ጉዳት የሌለው ክሪስታል በማድረግ ይድናል። መድኃኒቱ ይህን ማጠጠር ያግዳል፤ ተውሳኩ በገዛ ትራፊው ይሞታል። የሰው የመከላከያ ሴሎችም እንዲሁ አሲዳማ ከረጢቶች አሏቸው። መድኃኒቱ እዚያ ሲከማች አሲዱን ያለዝባል፤ ሰውነት ራሱን እንዲያጠቃ የሚቀሰቅሰው ምልክት ይዳከማል። ጨርሶ ግን አይጠፋም። መከላከያውን ሳይደመስስ ማለዘቡ ነው ይህን መድኃኒት ለዓመታት የሚወሰድ ያደረገው።

መድኃኒቱ ሲበዛ ዓይንን ሊጎዳ ስለሚችል መጠኑ ወሰን አለው። ወሰኑ በአንድ መስመር ያልቃል፤ በቀን፣ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት፣ ከ5 ሚሊ ግራም አይበልጥም። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ በ2016 ያወጣው መመሪያ የሚለው ይህንን ነው። ኪሎውም ሚዛን ላይ የታየው እውነተኛ ክብደት ነው። ያው አካዳሚ በ2011 ያወጣው መመሪያ 6.5 ሚሊ ግራም ይፈቅድ ነበር፤ የሚያሰላውም በቁመቱ ሰውየው ሊመዝን ይገባዋል በሚባለው ክብደት ነበር። እንዲህ ያለው ስሌት ቀጭን ሰው ይጎዳል። በቁመቷ 60 ኪሎ ይገባታል የምትባል ሴት ሚዛን ላይ 45 ብትሆን፣ በድሮው 390 ሚሊ ግራም ይፈቀድላታል። በአዲሱ 225 ነው።

እዚህ ላይ ነው የስሌቱ ሥራ የሚያምረው። በብዙ ፋርማሲ የሚገኘው ክኒን 200 ብቻ ነው፤ የአምራቹ ወረቀትም አትስበሩት፣ አትፍጩት ይላል። የሰው ክብደት ግን ልዩ ልዩ ነው። 40 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አንድ ፍሬ በቀን በትክክል ይገጥማል፤ ለ80 ኪሎ ሁለት ፍሬ። መሐል ያለውስ? ክኒኗ ካልተሰበረች የሚከፋፈለው ሳምንቱ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወሰኑ በቀን 300 ነው፤ አንድ ቀን አንድ፣ በማግስቱ ሁለት ይወስዳል። ለ70 ኪሎ ወሰኑ በሳምንት 2450 ይሆናል፤ 12 ፍሬ 2400 ነው። ስለዚህ አምስት ቀን ሁለት ሁለት፣ ሁለት ቀን አንድ አንድ። ለ50 ኪሎ ወሰኑ በሳምንት 1750 ነው። ስምንት ፍሬ 1600 ይሆናል፤ ስድስት ቀን አንድ አንድ፣ እሑድ ሁለት። ዘጠነኛዋ ብትጨመር 1800 ይሆንና ወሰኑን በ50 ታልፋለች። ስለዚህ ትቀራለች።

ይህን የቀናት አከፋፈል የሚያስችለው መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣበት ዝግታ ነው። በደም ውስጥ ካለው ግማሹ እስኪወጣ 40 ቀን ያህል ይፈጃል። ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ ሁለት መዋጡን ሰውነት አይለየውም፤ የሚያየው የወራቱን አማካይ ነው። ዝግታው ሲጀመርም አለ። ሕመምተኛው ለውጥ የሚያየው ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ አንዳንዱ ስድስት ወር ይጠብቃል። በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ የተወ ሰው መድኃኒቱን ገና አልሞከረውም። አንድ ቀን ቢረሳም በማግስቱ ደርቦ መዋጥ አያስፈልግም።

ክብደት ሳይጠየቅ ለሁሉም «በቀን ሁለት» ብሎ ማዘዝ በአንድ ቁጥር ጫማ ሰፈሩን ሁሉ ማጫማት ነው። በሌላ በኩል ወሰኑ ጣሪያ ነው እንጂ ማስፈራሪያ አይደለም። ዓይኔን ፈራሁ ብሎ በራስ መቀነስም ዋጋ ያስከፍላል። የካናዳ ተመራማሪዎች በ1991 ያሳተሙት ጥናት ላይ ሉፐሳቸው ረግቶላቸው የነበሩ ሰዎች መድኃኒቱ ሲቋረጥባቸው ሕመሙ ካላቋረጡት 2.5 እጥፍ ያህል አገርሽቶባቸዋል። እርጉዝ የሆነች የሉፐስ ሕመምተኛም ብዙውን ጊዜ እንድትቀጥል ነው የሚመከረው።

ዓይን ለምን ይፈራለታል? ሬቲና ከዓይን ኋላ የተነጠፈ፣ ውፍረቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ሽፋን ነው። ከሥሩ ቀለም ያዘለ የሴል ንጣፍ አለ፤ መድኃኒቱ ከዚያ ቀለም ጋር ይያያዛል። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከእይታ ማዕከል ላይ ሳይሆን በዙሪያው ቀለበት ሠርቶ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የፊደል ሰሌዳ ያታልላል፤ ማዕከሉ ደኅና ስለሆነ ሰውየው የመጨረሻዋን ረድፍ ሊያነብ ይችላል፤ ቀለበቱ ግን እየሳሳ ነው።

ያን የሚያይ መሣሪያ ኦሲቲ ይባላል። አገጭ ይደገፋል፣ ዓይን አንድ ነጥብ ላይ ያርፋል፣ ብርሃን በሰከንዶች ሬቲናውን ይቃኛል። ምንም ነገር ዓይንን አይነካም። በምስሉ ላይ የሬቲና ንብርብሮች በአግድም መስመሮች ይታያሉ፤ ወደ ታች ካሉት ደማቅ መስመሮች አንዷ የብርሃን ተቀባይ ሴሎች መስመር ናት። ባለሙያው የሚከተላት እሷን ነው። ከማዕከሉ ግራና ቀኝ ከደበዘዘች ወይም ከተቆረጠች ጉዳት ጀምሯል። አብሮ የሚሠራው የእይታ መስክ ምርመራ ነው። ማዕከላዊውን 10 ዲግሪ በ68 ነጥቦች ይፈትሻል፤ በነጥብና በነጥብ መካከል 2 ዲግሪ አለ። ተመርማሪው ብርሃን ባየ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል። ምርመራው አሰልቺ ነው፤ ትዕግሥት ያጣ ሰው ውጤቱን ያበላሻል። የእስያ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ጉዳቱ ከማዕከሉ ራቅ ብሎ ስለሚታይ ሰፊው የመስክ ምርመራ ይጨመራል።

የቀጠሮው አወጣጥም ከቁጥሮቹ ጋር ይገጥማል። ወሰኑን ለጠበቀ ሰው አደጋው በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ከ1 በመቶ በታች፣ እስከ 10 ዓመት ከ2 በመቶ በታች ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ መነሻ ምርመራ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይደረጋል፤ ከአምስተኛው ዓመት በኋላ በየዓመቱ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው አምስት ዓመት አይጠብቅም፤ መድኃኒቱ በከፊል የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ በደሙ ውስጥ ይጠራቀምበታል። ለጡት ካንሰር የሚሰጠውን ታሞክሲፈን የሚወስድም እንዲሁ አይጠብቅም። የደረሰ ጉዳት አይመለስም፤ የምርመራው ዓላማ ባለቤቱ ከማወቁ በፊት ማግኘት ነው።

ከምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲወሰድ ሆድ ብዙ አያስቸግርም። የጨጓራ አሲድ ማስታገሻ ከእሱ በ4 ሰዓት መራቅ አለበት። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድበት ይችላል። የልብ ምት ሥርዓትን ከሚነኩ መድኃኒቶች ጋር ሲገጥም ሐኪም ማወቅ አለበት፤ አዚትሮማይሲንም አንዱ ነው። ጥቂት ፍሬ ትንሽ ልጅ ሊገድል ይችላልና መድኃኒቱ ተቆልፎበት ይቀመጥ።

ለወባ መከላከያ ሲሆን ልኩ ሌላ ነው፤ ለአዋቂ 400 ሚሊ ግራም በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ በዚያው ዕለት፣ ከጉዞ 2 ሳምንት ቀድሞ ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ይህ የሚሠራው ተውሳኩ ክሎሮኪንን ባልተላመደበት አገር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ፋልሲፓረም የሚባለው የተውሳኩ ዝርያ ከተላመደው ቆይቷል፤ ክሎሮኪን የሚሰጠው ቫይቫክስ ለሚባለው ሌላ ዝርያ ነው። ዋሽንግተን ሆኖ ለሉፐስ ይህን ክኒን በየቀኑ የሚውጥ ሰው ዘመድ ሊጠይቅ ወደ መተማ ወይም ወደ ጋምቤላ ቢወርድ፣ ከወባ ተጠብቄያለሁ ብሎ እንዳያስብ። ሌላ መከላከያና አጎበር ያስፈልገዋል። እዚያ ታሞ ክሎሮኪን ቢታዘዝለትም የሚወስደውን አስቀድሞ ይናገር፤ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው፣ መርዛማነታቸውም ይደመራል።

የዓይን ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ሦስት ቁጥሮች ጽፈው ይያዙ፦ መድኃኒቱን የጀመሩበትን ዓመት፣ የዛሬ ክብደትዎን፣ በሳምንት የሚውጡትን ፍሬ ብዛት። ሐኪሙ ሳይጠይቅዎ ይስጡት።