ቁልፉ በልጁ እጅ

በቤት ውስጥ ከቴሌቪዥን በቀር ሌላ መስኮት ባልነበረበት ጊዜ ወላጅ ልጁ ምን እንደሚያይ ያውቅ ነበር። ሣጥኑ ያለው ሳሎን ነውና። ፕሮግራሙም ሰዓቱ ሲደርስ ያልቅ ነበር። ዛሬ የ15 ዓመት ልጅዎ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያየው ግን ማለቂያ የለውም። ይህም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ገጹ ጫፉ ላይ ሳይደርስ ከሥሩ አዲስ ነገር የሚጨምረው አሠራር እ.ኤ.አ. በ2006 ታስቦበት የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ፈልሳፊው አዛ ራስኪንም ኋላ ላይ ጸጸቱን በአደባባይ ገልጿል።

ቲክቶክ እ.ኤ.አ. በ2023 ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ተጠቃሚዎች የ60 ደቂቃ የቀን ገደብ ማበጀቱን ሲያስታውቅ ብዙ ወላጅ እፎይ ብሎ ይሆናል። ይሁንና አሠራሩን ልብ ብለው ይመልከቱት። 60ው ደቂቃ ሲሞላ ስልኩ የምስጢር ቁጥር ይጠይቃል፤ ከ13 ዓመት በላይ ከሆነ ቁጥሩን የሚያስገባው ልጁ ራሱ ነው፤ አስገብቶም ማየቱን ይቀጥላል። ከሰለቸውም ገደቡን ጨርሶ ማንሳት ይችላል። ዕድሜውንስ ቢሆን ሲመዘገብ የጻፈው ማን ሆነና! የጓዳውን ቁልፍ ለልጅ አስረክቦ «ማሩን እንዳትነካ» ማለት ከዚህ በምን ይለያል? ኩባንያው ዓላማው ወጣቱ ቆም ብሎ እንዲወስን ማድረግ ነው ይላል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ነገር ግን እንዳይቆም ተደርጎ በተሠራ ነገር ፊት ለፊት አስቀምጦ «ቁም» ማለት ፌዝ ይመስላል።

በእርግጥ የወላጅን ስልክ ከልጁ ጋር አያይዞ ገደቡን በወላጅ እጅ የሚያደርግ መንገድ አለ። ታዲያ በስንቱ ቤት ነው ይህን የሚያስተካክል ወላጅ ያለው? እናት በቴሌብር ገንዘብ ለመላክ እንኳ «ና እስቲ ላክልኝ» የምትለው ያንኑ ልጅ አይደለምን? የጠባቂውን ስልክ የሚከፍተው ተጠባቂው ነው።

አውስትራሊያ በሌላ አቅጣጫ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ወጥቶ በዲሴምበር 2025 ሥራ ላይ የዋለው ሕጓ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በነዚህ መድረኮች አካውንት እንዳይኖራቸው ሲከለክል፣ ልጁንም ወላጁንም አይቀጣም፤ ቅጣቱ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የሚደርሰው በኩባንያው ላይ ነው። ልጆች ዕድሜያቸውን ዋሽተው ይገባሉ የሚሉ አሉ። መግባቱንስ ይገቡ ይሆናል፤ ለዚያ የሚጠየቀው ግን በቂ ማጣሪያ ያላበጀው ባለ መድረክ ነው።