ሰምና ወርቅ በጓሳ ሚዛን

የዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» እ.ኤ.አ. በ1965 ከታተመ ወዲህ የሚያመሰግኑትም የሚያወግዙትም የሚረባረቡት ቅኔው ላይ ነው። አማራ ነገር ይደብቃል፣ አይደብቅም፤ ክርክሩ ከዚህ እምብዛም አልራቀም። ለእኔ የመጽሐፉ ስንጥቅ ያለው ስለ ግለኝነት በተጻፈው ላይ ነው።

ሌቪን የቺካጎው የሮበርት ሬድፊልድ ደቀ መዝሙር ናቸው። ያደጉበት የአሜሪካ ማኅበራዊ ሳይንስ የሕዝብን ጠባይ ከልጅ አስተዳደግ ለማንበብ ይቸኩል ነበር፤ ሩት ቤኔዲክት ጃፓንን ሳይረግጡ ስለ ጃፓኖች ጽፈዋል። ሌቪንስ መንዝን ረግጠዋል፤ በማማ፣ በላሎና በጌራ ምድር አገር ከገበሬው ጋር ሰንብተዋል። ግን ፍሮይድን ስንቅ ይዘው ነው የወጡት። አማራ ለመብልና ለንግግር የሚሰጠውን ቦታ በጨቅላ አፍ የፈቱበት ክፍል ዛሬ ሲነበብ ፈገግ ያሰኛል።

አማራ ለጋራ ጉዳይ አይደራጅም የሚለው ፍርዳቸው ግን ፈገግ አያሰኝም። መነሻ አለው፤ መንዜ አጥንት ቆጥሮ ለርስቱ ሲሟገት ወንድሙንም አይምር። ነገር ግን የመንዙን የጋራ ሜዳ፣ የጓሳን ሣር፣ ያቆየውም ያው አጥንት ቆጠራ ነው። የአቅኚ አባቶቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቄሮ በሚባለው ሥርዓት «አባ ቄራ» የሚባል አለቃ መርጠው ሜዳውን ለዓመታት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት፣ ይዘጉት ነበር። ሲከፈት ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነውን በደንቡ መሠረት ያጭዱ ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ እስኪያፈርሰው ድረስ 400 ዓመት ያህል እንደቆየ ይነገራል። ዳኛ ፊት የሚያቆመው ርስት ለሣሩም ዘብ ያቆም ነበር። የዚህን አገር ሰው «ግለኛ» ማለት ቃሉን ከቺካጎ ተበድሮ መንዝ ላይ መለጠፍ ነው። ሥርዓቱን በዝርዝር ያጠኑት ዘላለም ተፈራ አሸናፊም ሶሲዮሎጂስት አይደሉም፤ የቀይ ቀበሮ ተመራማሪ ናቸው።

የሚገርመው ሌቪን ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1995 የሶሲዮሎጂን ታሪክ በየአገሩ ባህል ከፋፍለው ማሳየታቸው ነው፤ እንግሊዙ ከግለሰብ፣ ፈረንሳዩ ከማኅበረሰብ፣ ጀርመኑ ከሰው ነፃ ፈቃድ ይነሣል ይላሉ። በዚያ ሚዛን መጀመሪያ መቀመጥ የነበረበት የራሳቸው የ1965ቱ መጽሐፍ ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬም እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙትን መጽሐፋቸውን እወደዋለሁ። የምዕራቡ ሊቅ ከአሻሚ ቃል ሲሸሽ ዕውቀቱ ደኸየ ብለው የተሟገቱበት ነው፤ ምሳሌያቸውም የእኛው ሰምና ወርቅ ነው። ከቅኔ ቤት የተማረውን ይዞ ሄዶ የራሱን ሙያ የገሠጸ የውጭ ሊቅ ብዙ አልገጠመኝም። ሌቪን በኢትዮጵያ ይጠሩበት የነበረው «ጋሽ ሊበን» የሚለው ስም ለዚህ መጽሐፍ ይገባል።

የሶሲዮሎጂ መምህራን የ1965ቱን ከማስተማራችሁ በፊት የ1985ቱን አስነብቡ፤ ከዚያ ተማሪውን ጓሳ ስደዱት።