ካርዱ ከመደምሰሱ በፊት

ቀረጻ አንድ ጊዜ ካመለጠ የማይመለስ፣ ቅንብር ግን መቶ ጊዜ ፈርሶ መቶ ጊዜ ሊሠራ የሚችል ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ባለችው አጭር ሰዓት፣ ማለት ምስሉ ከካሜራው ካርድ ወደ ሃርድ ዲስክ በሚገለበጥባት ጊዜ የሚፈጸም ስሕተት የቀኑን ድካም ሁሉ ከንቱ እንደሚያደርግ እየታወቀ፣ በማውቃቸው የአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች ይህ ሥራ የሚሰጠው ከሁሉ ያነሰ ልምድ ላለው ልጅ መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ዋናው ባለሙያ ቀለም ሲያስተካክልና ዘፈን ሲመርጥ ያመሻል፤ ካርዱን የሚገለብጠውና የሚደመስሰው ግን ትናንት የተቀጠረው ረዳት ነው። እኔ በበኩሌ ከሙያው ክፍሎች አንዱን ብቻ ለራስህ አስቀር ብባል ይህንኑ እመርጣለሁ።

በሚኒ ዲቪ ካሴት ይሠራ በነበረበት ዘመን ጥንቃቄው በመሣሪያው ጠባይ ውስጥ ነበር። የ60 ደቂቃ ካሴት ወደ ኮምፒዩተር ለመግባት 60 ደቂቃ ይፈጅ፣ 13 ጊጋባይት ያህልም ቦታ ይይዝ ስለ ነበር፣ አቀናባሪው ወደደም ጠላም ቀረጻውን አንድ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየው ነበር፤ ካሴቱም ከተገለበጠ በኋላ ስም ተጽፎበት በመሳቢያ ይቀመጥ ስለ ነበር፣ ኮምፒዩተሩ ቢበላሽ እንኳ ዋናው በእጅ ነበር። ካርድ ሲመጣ ሁለቱም ቀሩ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል፤ ይህንንም ጥሩ ካርድ ሪደር ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይገለብጠዋል፤ ማንም ግን አያየውም፤ ቅዳሜ የተቀረጸበት ካርድም እሑድ ለሌላ ሠርግ ስለሚፈለግ በዚያው ሌሊት ይደመሰሳል። ፍጥነቱን አልጠላም፤ ካተረፍነው ሰዓት ጥቂቱን እንኳ ለማየት የሚያስገድደን ሥርዓት ግን ከካሴቱ ጋር አብሮ ሄዷል።

ረዳቱ ካርዱን ከፍቶ ምን እንደሚያደርግ ቀርቦ መመልከት ይበቃል። ሶኒና ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ኤቪሲኤችዲ በሚባለው አቀራረጽ የተሠራ ካርድ ሲከፈት ፎልደር በፎልደር ውስጥ፣ እርሱም በሌላ ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል፤ ልጁም እያንዳንዱን እየከፈተ ይወርድና ትልልቆቹን የቪዲዮ ፋይሎች ሲያገኝ እነርሱን ብቻ መርጦ ይጎትታል፤ በዙሪያቸው ያሉት ጥቃቅን ፋይሎች ለእርሱ ትርፍ ናቸው። ነገር ግን ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ካርድ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል ሊይዝ ስለማይችል፣ ካሜራው ረጅም ቀረጻን በሞላ ቁጥር እየቆረጠ በአዲስ ፋይል ይቀጥላል፤ የትኛው ቁራጭ ከየትኛው እንደሚቀጥል የሚመሰክሩትም እነዚያ የተናቁት ጥቃቅን ፋይሎች ናቸው። እነርሱ በቀሩ ጊዜ በሥርዓተ ተክሊል ላይ ካሜራው ሳይቆም የቀረጸው የካህኑ ጸሎት ከመገጣጠሚያው ላይ ለቅጽበት ይቋረጣል፤ ኤዲተሩም በካሜራው ላይ ያመካኛል። ስለዚህ ካርዱ ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ እንዳለ፣ የአንዱም ፋይል ስም ሳይለወጥ ይገለበጣል፤ ምርጫው በኋላ በኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ውስጥ ይደረጋል።

ስም መስጠት የሚገባው ካርዱ ለተገለበጠበት ለውጭኛው ፎልደር ነው፤ በዚህም ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን የራሳችን የሆነ ጣጣ አለብን። ባለ ሠርጉ እሑድ ጥር 18 ቀን 2017 ይላል፤ ካሜራው ደግሞ ጃንዋሪ 26 ቀን 2025 ብሎ መዝግቧል፤ ሙሽራው ከቤት የወጣበትን 3 ሰዓትም 9 ሰዓት ይለዋል። ጥርን በአኃዝ 05 ብሎ የጻፈ ሰው ሌላው ሜይ ብሎ እንደሚያነብበት አያስብም። እኔ ፎልደሩን በካሜራው አቆጣጠር፣ ዓመቱን አስቀድሜ እሰይምና የእኛን ቀን ከባለጉዳዩ ስም ጋር በወረቀት መዝገብ አሰፍራለሁ። በሁለት ካሜራ የሚቀረጽ ከሆነ የሁለቱን ሰዓት ጠዋት ማስተካከል ደግሞ ሳይነገርም የሚታወቅ ነው።

ኮምፒዩተሩ «ተጠናቋል» ማለቱ ምስክርነት አይደለም፤ ጎትቶ መገልበጥ የጻፈውን መልሶ ከዋናው ጋር አያስተያይምና። ይህን ለማድረግ ዋናውንም ቅጂውንም አንብበው ለእያንዳንዱ ፋይል መለያ ቁጥር የሚያወጡ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ከአሠራሮቹም አንዱ ሮናልድ ሪቨስት እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመው፣ 32 ምልክት የሚያወጣው ኤምዲ 5 ነው። በመካከል መብራት ጠፍቶ ወይም ኬብል ላልቶ አንዲት ነጥብ ብትዛነፍ ሁለቱ ቁጥሮች አይገጥሙም። ይሁን እንጂ ቁጥሩ መመሳሰልን እንጂ ጤንነትን አይመሰክርም፤ ካርዱ ራሱ ታምሞ ከሆነ ሕመሙን በታማኝነት ያጸድቀዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን፣ የመካከለኛውንና የመጨረሻውን ፋይል ከቅጂው ላይ ከፍቶ በዐይን ማየት፣ በጆሮም መስማት ግድ ነው። ፒክሳር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ቶይ ስቶሪ 2 የተሰኘው ፊልም ፋይሎች በስሕተት ተደምስሰውበት ወደ ባክአፑ ቢዞር፣ ባክአፑ በትክክል ሳይሠራ መቆየቱ የታወቀው ያን ጊዜ ነበር፤ ሥራውን ያተረፈው ጌሊን ሰስማን የተባለችው ባለሙያ በቤቷ ያኖረችው ቅጂ ነው።

ፒተር ክሮግ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማኖሪያ፣ አንዱም በሌላ ስፍራ ይሁን ያለው ሕግ በሙያው ዘንድ የታወቀ ነው። ከአንድ ሱቅ ተገዝተው በአንድ ቦርሳ የሚዞሩ ሁለት ዲስኮች ግን ሌባ ቢመጣ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 የብራና መጻሕፍታችንን በማይክሮፊልም ማንሣት የጀመሩት ሰዎች አንዱን ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላውን በአሜሪካ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያኖሩት ይህን አስተውለው ነው። እኛም ያንን ሩቅ ስፍራ በኢንተርኔት እናግኘው ብንል፣ 200 ጊጋባይት የሆነ ሠርግ በዚህ አገር መስመር ለመላክ ትዕግሥት አይበቃም፤ ደግነቱ ሩቁ ስፍራ ራሱ ባለ ሠርጉ ቤት ነው።

እንግዲህ ሠርግህን ወይም የወላጆችህን ተዝካር ልታስቀርጽ ያሰብህ አንባቢ ሆይ፣ ገና ውል ስትዋዋል የተቀናበረውን ብቻ ሳይሆን ጥሬ ምስሉንም ጠይቅ፤ ዲስኩን ራስህ ገዝተህ አቅርብ፤ ሲሰጥህም በፊትህ ተከፍቶ ይታይ። ስቱዲዮው የራሱ ዲስክ በሞላ ጊዜ የቆየውን እየደመሰሰ ለአዲሱ ቦታ ያበጃል፤ ይህንንም ሲያደርግ አንተን አያስፈቅድም።