የአይስ ቲ ዘፈንና የሰሚው ፍርድ

በአሜሪካ አገር በራፕ፣ ማለት ግጥምን በምት እየተከተሉ በመናገር፣ የታወቀው ጥቁሩ አይስ ቲ በ1990 እ.ኤ.አ. «ቦዲ ካውንት» የተባለውን የሮክ ባንድ አቋቁሞ መሪ ድምፃዊ ሆነ። በ1992 ስለ ፖሊስ ገዳይ የዘፈነው ዘፈን ብርቱ ውግዘት ስላመጣበት ከአልበሙ አወጣው።

ቃሉ ሻካራ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ሙዚቃው ሮክ ሆኖ ሳለ ብዙ አውጋዦች ራፕ አሉት። ይህም የፈረደው ጆሮአቸው ሳይሆን ዓይናቸው መሆኑን ያመለክታል፤ ለሮክ መሠረት ከጣሉት አንዱ ጥቁሩ ቸክ ቤሪ መሆኑም ተዘነጋ።

ደግሞስ ከ2000 ጀምሮ በቴሌቪዥን መርማሪ ፖሊስ ሲሆን ተውኔት ነው የተባለለት ሰው፣ በዘፈን ገዳይ ሆኖ ሲናገር ስለ ምን ተውኔት አልተባለለትም? ባንዱ በ2021 ሜታል በሚባለው የሮክ ዓይነት የግራሚን ሽልማት ተቀበለ። እንግዲህ ሥራ ሊመዘን የሚገባው በሠሪው መልክ ሳይሆን በራሱ ነው።